የደብሬ እንግጫ

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የተቃጠለ ገለባ ሽታ ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከጎንደር ለሥልጠና ጃፓን ሄጄ ሳለሁ ያረፍሁባቸው አሮጊት አንድ የጥር ማለዳ ሰፈራቸው ወዳለው መቅደስ ይዘውኝ ወጡ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ያም ሆኖ በግቢው ያለው የፕሪም ዛፍ ቅጠል ሳያወጣ በፊት በባዶ ቅርንጫፉ አበባ ጣል ጣል አድርጓል። ለአዲስ ዓመታቸው ከሩዝ ገለባ ጎንጉነው በየደጁ የሰቀሉትን ገመድ፣ በዓሉ ሲያልፍ ሰብስበው እሳት ላይ ይጥሉታል። አሮጊቷ የራሳቸውን ሰጡኝና እንድጥለው በእጃቸው አመለከቱኝ። ትልቅ ክብር ነበር። እኔ ግን ገመዱን እንደያዝሁ እዚያው ሰው ፊት አለቀስሁ።

ትክል ድንጋይ አጠገብ ባለው መንደራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች እየዘፈኑ እንግጫ ለመንቀል መስክ ይወርዳሉ። እንግጫ ሥሩ ነጭ የሆነ ቀጭን ሣር ነው፤ ከአደይ አበባ ጋር ተጎንጉኖ በበዓሉ ጠዋት በእናት ባባት ራስ ላይና በቤቱ ምሰሶ ይታሰራል፣ እስከ መስቀል ይቆይና ደመራ ላይ ይጣላል። ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት የጎነጎንሁት ከአህያ ጭራ አይሻልም ነበር። ታላቅ እኅቴ ደብሬ በሳቅ ፍርፍር እያለች «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» ብላ ቀኑን ሙሉ ራሷ ላይ አስራው ዋለች።

ደብሬ ታጭታ ነበር። ሠርጓ ለጥቅምት ተቆርጧል፣ የሚያገባትም የጭልጋ ሰው ነው። የሰፈሩ ባልቴቶች፣ የታጨች ልጅ የጎነጎነችውን እንግጫ በገዛ እጇ ደመራ ላይ ሳትጥል ካባቷ ቤት ከወጣች አይቀናትም ይሉ ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት በልጅ ጆሮ ነው፤ እንግጫው ከጠፋ አይድሯትም አልሁና ደብሬ የጎነጎነችውን ከምሰሶው ፈትቼ ከጎታው ኋላ ወሸቅሁት። የመስቀል ዕለት ደብሬ ቤቱን ገለባብጣ ፈለገች። እኔን ስትጠይቀኝ ጥጃዋ በላችው አልሁ፤ ጥጃዋም ያለ ኃጢአቷ ተመታች። ደብሬ ባዶ እጇን ደመራው ዳር ቆማ ስታለቅስ አየኋት፤ ያኔም አልተናገርሁም።

በጥቅምት በበቅሎ ወሰዷት። በሁለተኛው ክረምት ምጥ ያዛት፤ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር የሚሻገርላት ሰው አልተገኘም፤ በዚያው ሞተች። ሣር ሰው እንደማይገድል አሳምሬ አውቃለሁ፤ ስንቷን ወላድ በእጄ ይዣለሁ። ማወቄ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠቀመኝም።

ከጃፓን ተመልሼ አዘዞ ከአውሮፕላን እንደወረድሁ ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ወደ እናቴ ሄድሁ። አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል። እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት።

«ምነው ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ተሸከምሽው?» አለችኝ። «እኔ እንደሁ ያን ለት ከጎታው ኋላ አይቸዋለሁ።»

«አይተሽ ነው ዝም ያልሽ?»

«እኔስ ብሆን ትሂድብኝ ብየ ነው? አባትሽ ቃል ሰጥቷል፤ ምን አፍ ነበረኝ። እንግጫውን ሲያጡት ሠርጉ ይቀር ይሆናል አልሁ።»

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅና አንዲት እናት፣ ሳይነጋገሩ አንዲትን ልጅ ከቤት ለማስቀረት አንድ እፍኝ ሣር ይዘው ነበር። ደብሬ ስትሄድ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ዛሬ የኔ የመጨረሻዋ ልጅ እንኳ በሦስት ዓመት ትበልጣታለች።