የክሪኬቱ ሽምግልና

በባጃጄ ብዙ ዓይነት ሰው ጭኛለሁ፤ የዚያን ቀኑን የመሰለ ግን አላጋጠመኝም። ከበከኒሳ ቀሴ የተሳፈሩት የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ዲንቃና እዚሁ ነቀምቴ የሚያስተምር ሕንዳዊ ናቸው። ሽማግሌው የድሮ ሥራውን ጠየቁት።

"ክሪኬት ተጫዋች ነበርኩ" አለ በተሰባበረ አማርኛ፤ "ኳስ በእንጨት የሚመታበት ጨዋታ ነው። ለአገሬ ተሰልፌ ጉቦ በላሁና ሆን ብዬ ተሸነፍኩ። ዕድሜ ልክ አገዱኝ።"

"ዕድሜ ልክ? ነፍስ ያጠፋ እንኳ የደም ካሳውን፣ ጉማውን ከፍሎ ይታረቃል! ማንን ነው የበደልከው?"

"አምበላችንን። ጓደኛዬ ነበር፤ በእኔ ጦስ ስሙ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።"

"በዳይ ራሱ ይደውላል እንዴ? ሽማግሌ ነው የሚላከው! ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ባጃጁን አቁምና ስልክህን አምጣ። ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም፤ አንተም ዛሬ ሽማግሌ ነህ።"

ሳቄን ዋጥኩ። በእኔ ስልክ ተደወለ፤ አምበሉ አነሳ። ኦቦ ዲንቃ ባርኔጣቸውን አውልቀው "ስለ ዋቃ ብለህ ማረው" ሲሉ ሕንዳዊው በቋንቋቸው ተረጎመለት። ከዚያ ሰውየው አንድ ነገር ተናግሮ ዘጋ።

"እምቢ አለ?" አሉ ሽማግሌው።

"አይ" አለ ሕንዳዊው፤ "'ጉቦውን እኔም በልቼ ነበር' አለኝ።"