እትዬ ድገምና አንጋፋው ተማሪያቸው

ስማቸው ሌላ ነው። እኛ መምህራኑ ግን እሳቸው በሌሉበት «እትዬ ድገም» እንላቸው ነበር። ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት መርተዋል፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት እኔ ምክትላቸው ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአፋቸው አብዝቼ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው። ልጁ ማንኪያውን ሲያዘቀዝቅ፣ «ድገም»። ልጅቷ ጫማዋን ግራና ቀኝ አማትታ ስታጠልቅ፣ «ድገሚ»። እኔም ሪፖርት አበላሽቼ «ድገም» ተብያለሁ፤ ያውም በልጆቹ ፊት፣ እነሱም አጨብጭበውልኛል።

እምነታቸው አጭር ነበር፤ የማይማር ልጅ የለም። አንዱ ሃያ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ሺህ ጊዜ ይፈልግ ይሆናል እንጂ። እያንዳንዱን ሥራ ይበጣጥሱታል። እጅ መታጠብ ለእኔና ለእናንተ አንድ ሥራ ነው፤ በእሳቸው ቤት አሥራ አንድ ነው። ሸሚዝ መቆለፍ ዘጠኝ ነው፤ ጣት ቁልፉን ያገኛል፣ አውራ ጣት ከቀዳዳው ኋላ ይገባል፣ እያለ ይቀጥላል። ዘጠኙም በሥዕል ተሠርተው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ፣ እንቁላሉ እስኪሄድ እኛ ጡረታ እንወጣለን እላቸው ነበር። ይስቁልኝ ነበር ያኔ።

አለቃ የመጀመሪያ ተማሪያቸው ነው። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ይዛው ስትመጣ ስድስት ትምህርት ቤት አንኳኩታ ከስድስቱም ተመልሳ ነበር። ሐኪም ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት አይሻገርም ብሏታል። የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ሰባት ወር ፈጀበት። የቻለባት ቀን እትዬ ክፍሉን ዘግተው አለቀሱ ይባላል፤ እኔ አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ። ሃያ አምስትን ተሻገረ፣ ሠላሳንም ተሻገረ። ትምህርት ቤቱ የበር ኃላፊ አድርጎ አስቀረው። «አለቃ» ያልነው እዚያ ላይ ነው። ቢጫ ሰደርያውን ለብሶ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፣ እያንዳንዱን ልጅ ጨብጦ ያስገባል፣ የመጨረሻው ሲገባ ይዘጋል። መምህር ካረፈደ የእጁን አንጓ እያሳየ ይቆጣል። አንጓው ላይ ሰዓት የለም፤ እኔን ግን አንድም ቀን ያለ ጥፋቴ አልተቆጣኝም።

ጨቅላ ታቅፋ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ የምትመጣ እናት አትጠፋም። እትዬ ማባበል አይወዱም። «አለቃ!» ብለው ይጠሩታል። ገብቶ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች ፈትቶ መልሶ ይቆልፍላታል። እናቲቱ አይታ አይታ እንባዋን ትጠርግና ልጇን ታስመዘግባለች። እኛ መምህራኑም ብንሆን ተስፋ የምንቆርጥ ቀን የምናየው እሱን ነበር።

አርባ አንድ ዓመቱ ላይ አንድ ነገር መበላሸት ጀመረ። መጀመሪያ ግቢው መሃል ቆሞ ወዴት እየሄደ እንደነበር ይጠፋበታል። ከዚያ የልጆቹን ስም ማቀያየር መጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ እኛም እንስቅ ነበር፤ «አለቃ ዛሬ ፍቅር ይዞታል» እያልን። አንድ ጠዋት በሩን ከፍቶ ሳይዘጋ ሄዶ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ወጥታ አስፋልቱን ተሻገረች። የማዶው ዳቦ ጋጋሪ፣ እስከ ክርኑ ዱቄት እንደሆነ፣ አቅፎ መለሳት።

እትዬ ልጅቷን ከእጁ ተቀብለው ወደ አለቃ ዞሩ።

«ተሞላቀቅህ» አሉት። «ሁላችንም ስላሞገስንህ ለገምክ። ሸሚዝህንስ አይተኸዋል?»

ቁልፎቹ ተዛንፈው ነበር፤ ያን ገና ማየታችን ነው።

«ሰደርያውን አውልቅ። ዘጠኙን እንደ ድሮህ ስትሠራ መልሼ እሰጥሃለሁ።»

አለቃ ሰደርያውን አውልቆ አጣጥፎ ሰጣቸው። ማጣጠፍ ገና አልጠፋበትም ነበር።

በሩ ላይ ዘበኛ ተቀጠረ። አለቃ በየጠዋቱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እትዬ ቢሮ ይገባል። አራት ወር! ከመምህራን ክፍል ሆነን «ድገም»፣ ጸጥታ፣ «ድገም» ሲባል እንሰማለን። በመስታወቱ በኩል ሳይ ጣቶቹ ቁልፉን ይስቱታል፤ ዓይኑ ግን የግቢው በር ላይ ነው፤ ዘበኛው ልጆቹን ሳይጨብጥ ሲያስገባቸው ያያል። አንድ ቀን ገብቼ፣ «እትዬ፣ ምናልባት ዓይኑ ደክሞ ይሆን? ቢታይ ምን ይመስልዎታል?» አልኩ።

«አንተ ሁሌም ልብህ ቅቤ ነው» አሉኝ። «እሱን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ወጣሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል። እትዬ ጨካኝ ሆነው አይደለም። ፈርተው ነው። አለቃ ቁልፉን ካልቆለፈ ለሚቀጥለዋ እናት ምን ያሳዩአታል? ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

እናቱ ካረፈች ወዲህ አለቃ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት ጠዋት እያለቀሰ መልበስ እንቢ ሲላት የሸሚዞቹን ቁልፎች ነቅላ፣ የፊታቸውን ክፍት ሰፍታ ዘግታ፣ በአንገት የሚጠለቁ አደረገችለት። ያንን ለብሶ ሲመጣ እትዬ አስጠሯት።

«የሠላሳ ዓመት ልፋቴን በመርፌ ልታፈርሺው ነው?»

«እትዬ፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ጠዋቱን ሲፈራ ነው የሚያድረው።»

«አንቺ እህቱ ነሽ፤ ሰው ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። ቁልፎቹን መልሺያቸው።»

እህቱ የውለታ ዕዳ አለባት። ለእናቷ የተዋለውን ውለታ ታውቃለችና መልሳ ሰፋቻቸው።

በዓመት አንድ ጊዜ የልጆቹን ልብና ጆሮ የሚያይ ሐኪም ይመጣል። በዚያ ዓመት የመጣችው ወጣት ሴት ናት። ልጆቹን ጨርሳ ስትወጣ አለቃ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ሲዳብስ አየችው። ዕድሜውን ጠየቀች። ከመቼ ጀምሮ ነው አለች። እህቱን አስጠርታ ብዙ ጠየቀቻት፣ ከዚያም ሆስፒታል ወስዳ መረመረችው። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ቢሮ ውስጥ ሦስታችን ነበርን።

«እትዬ፣ ልግም አይደለም። ሽማግሌዎችን የሚይዘው የመርሳት በሽታ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ብዙዎቹን ቀድሞ፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ይይዛቸዋል። አለቃን ይዞታል።»

«እሺ» አሉ እትዬ። እስክሪብቶ አንስተው ነበር። «ታዲያ በቀን ስንት ጊዜ ላለማምደው?»

ዶክተሯ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ።

«ልምምድ አይመልሰውም። የሚያደርግለት ነገር ቢኖር ማስጨነቅ ነው።»

ስለ ልጆች ያላነበብነው መጽሐፍ አልነበረም። እንዴት እንደሚናገሩ፣ እንዴት እንደሚራመዱ፣ ሁሉን እናውቃለን። ስለ እርጅናቸው ግን አንዳችንም አንድ ገጽ አላነበብንም። አያረጁም ተብለን ነበርና፣ ሲያረጁ ደስ ብሎን ዝም አልን።

እትዬ በዚያኑ ዕለት ሰደርያውን ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ እህቱ ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አለቃ የእህቱ ስፌት መኪና አጠገብ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በአንገቱ የሚጠለቅ ሹራብ ለብሷል። እትዬን ሲያይ ብድግ አለ። እጆቹ ወደ ደረቱ ሄዱና የሌለውን ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ።

«እደግማለሁ» አለ። «እትዬ፣ አይቆጡኝ፤ እደግማለሁ።»

«ተወው የኔ ልጅ። አልፏል። አየህ፣ ሰደርያህን አምጥቼልሃለሁ።»

ሰደርያውን አላየውም። ጣቶቹ ሹራቡን እየቆነጠጡ ከላይ ወደ ታች ወረዱ፣ ደግሞ ከላይ ጀመሩ። እትዬ ሁለቱንም እጆቹን ይዘው ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ለቅሶ አልሰማሁም። እሱ ግን እጁን ለማስለቀቅ ይታገል ነበር፤ ሥራው ስላላለቀ።

በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ፤ ያው። በሦስተኛው ጊዜ እህቱ ደጃፍ ላይ ጠበቀቻቸው፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። እኔን አንዳንድ ቀን እማዬ ይለኛል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ እንደ እንግዳ ሰው ያፍረኛል። እርስዎን ግን ያውቅዎታል። ከሄዱ በኋላ ሁለት ቀን እህል አይቀምስም፤ ደረቱ እስኪላጥ ይቆነጥጠዋል። ይቅርብዎት። ስለ እማዬ ይዤዎታለሁ፣ አይምጡብን።»

እትዬ አልተከራከሩም። «እሺ» ብለው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ እናቶች ጨቅላ ታቅፈው ሲመጡ የማናግራቸው እኔ ነኝ። «ሲያድግ ምን ይሆናል?» ይሉኛል። እዋሻለሁ ማለት ይከብደኛል፤ እውነቱንም ግን አልነግራቸውም። የቁልፉ ሥዕል ከየግድግዳው ተነስቷል፤ ያነሱት ራሳቸው እትዬ ናቸው፤ ምክንያቱን የጠየቀ የለም።

አለቃን በየዓርቡ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ስሜን ከረሳ ቆይቷል። የሚበላውም እህቱ በማንኪያ ስታጎርሰው ሆኗል። ስመለስ እትዬ ቢሮ ውስጥ መብራት ሳያበሩ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ረሳኝ?»

ባለፈው ዓርብ፣ «አዎ እትዬ፣ ረስቶዎታል» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ያን ቀን አለቃ እኔን ሲያይ በትከሻዬ አሻግሮ፣ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው እንዳለ ሲፈልግ ነበር። ማንም አልነበረም። እጆቹ ግን ደረቱ ላይ ወጥተው ቁልፉን መፈለግ ጀምረው ነበር።