ወደ ሳንሱሲ የሄደው ሰማያዊ ቀሚስ

አሮጌ የፖፕሊን ጨርቅ ካውያ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። የሳሙና አይደለም፣ የሽቶም አይደለም፤ ፀሐይ የመታው እንጨትና ለብ ያለ ወተት የተቀላቀሉ ይመስላል። ዛሬ ጠዋት የቀሚሴን ኮሌታ ስተኩስ ያ ሽታ ፊቴ ላይ ብን ሲል እጄ ቆመ። ትንሽ ብዘገይ ጨርቁን አቃጥለው ነበር። ትናንት ቢሮ ስንገባ፣ «ይህን ሁሉ የድሮ ልብስ ከየት ነው የምታመጪው? ቪንቴጅ የሚሸጥበት ቤት አለ እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ስቄ ብቻ አለፍኩሽ። ደረጃ እየወጡ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው። አሁን ግን ልንገርሽ።

ኮሌጅ የገባሁበት ዓመት ነው። ከጅማ መጥቼ ኮልፌ፣ ከአጣና ተራ ወረድ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢው በጉም ይሞላል፤ ከአጣና ተራ የሚነሳው የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮቴ ሾልኮ ይገባል። እንጨት የሚጭኑት ሰዎች ከሩቅ ሲጠራሩ ድምፃቸው ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አከራዬ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ መርካቶ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከአልጋቸው እስከ በረንዳው ወንበር ካልሆነ ርቀው አይሄዱም። ወሬም አያበዙም። እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ሰላምታዬን ይመልሱና ዓይናቸውን ወደ ግቢው በር ይልካሉ።

ነገሩ የጀመረው በዝናብ ነው። ያሉኝን ሱሪዎች አጥቤ ባሰጣ ሰማዩ አላባራ አለ። በማግስቱ ደግሞ ክፍል ፊት ቆሜ ጥናት የማቀርብበት ቀን ነበር። ማለዳ ላይ ከገመዱ አንዱን አውርጄ እንደገና ልጨምቀው ስታገል ከበረንዳው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እሱን ልትለብሺ ነው? ሳንባሽን ልታስመቺው ነው?»

«ሌላ የለኝም እማማ።»

«ነይ ወደዚህ።»

ጓዳቸው አስገብተው ከአልጋ ሥር አንድ የብረት ሳጥን አስጎተቱኝ። ክዳኑ ሲነሳ በዚያ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ መብራት የበራ መሰለኝ። ብርቱካናማ፣ የሎሚ ቢጫ፣ እንደ ጎመን ቅጠል የለመለመ አረንጓዴ። ኮሌታቸው እስከ ትከሻ የሚደርስ፣ ቁልፋቸው በራሱ በጨርቁ የተለበጠ፣ አንዳንዶቹ ከጉልበት ከፍ የሚሉ፣ አንዳንዶቹ በእጥፋት የተደረደሩ ፕሊሴ። ብርቱካናማውን አንስተው ትከሻዬ ላይ ለኩት። ጨርቁን በመዳፋቸው ደባበሱት።

«ልክሽ ነው» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የተደነቀም፣ ያዘነም ነበር።

እንዲህ ሆኜ ከግቢው ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ይግቡ ይግቡ! ለእርስዎማ ጋቢና ነው!» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን ነደደ። ኮሌጅ ስደርስ ደግሞ አንዱ፣ «አያትሽ ልብሷን አጥታ እየፈለገችሽ ነው» አለኝ። ክፍል ፊት ስቆም ግን አንድ ነገር ሆነ። ያ ቀሚስ ጎንበስ አያስብልም። አሰፋፉ ነው መሰለኝ፣ ትከሻን ይዞ ቀጥ ያደርጋል። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ተናግሬ ወረድኩ።

ማታ ስመለስ አከራዬ በረንዳው ላይ እየጠበቁኝ ነበር። እንደዚያ ሲጠብቁኝ አይቻቸው አላውቅም።

«እህ? ምን አሉ?»

የረዳቱን ነገር ስነግራቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ቀሚሶቹን እኔ እለብሳቸዋለሁ፤ የት እንደዋሉ ደግሞ ማታ ለእሳቸው እነግራለሁ። «ቢጫዋ ዛሬ የት ደረሰች?» ይሉኛል። ፒያሳ ደረሰች፣ አየር ጤና ላይ ጭቃ ተረጨባት፣ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ ቁልፎቿን ዳሰሰቻቸው እላለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንዳንድ ጊዜ እኔ የሄድኩ ሳይሆን እሳቸው በሰፈሩ ዞረው የገቡ ይመስለኝ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ ሌላ ልብስ አላምርሽ አለኝ። ረዳቱም ለመደኝ፤ ጋቢናው ክፍት ከሆነ ማንንም አያስገባበትም።

አንድ ቀን ግን፣ «ማን ነው የሰፋልዎ እማማ? እንዲህ ያለ እጅ!» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ወደ በሩ አዩ። «እጇ ይባረክ» አሉና ሻይ አፍዪልኝ ብለው ወሬውን አጠፉት።

ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ብቻ አውጥተው ሰጥተውኝ የማያውቁት ነበር። ከሁሉም ሥር፣ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሰማያዊ ቀሚስ። ክረምቱ አልፎ፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ አበባ በለበሰበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠሩኝ። ሰማያዊው ቀሚስ ጭናቸው ላይ ነበር።

«ዚፑ ተበላሽቷል፤ ታስቀይሪልኛለሽ። ሳንሱሲ፣ ከፌርማታው ከፍ ብሎ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች።»

ዚፑን ሳብኩት። ወጣ፤ ወረደ። «ደህና ነው እኮ እማማ።»

«ተበላሽቷል አልኩሽ!»

«እሺ፣ ግን እዚህ አጠገባችን ስንት ልብስ ሰፊ እያለ ሳንሱሲ ድረስ?»

«ለብሰሽው ሂጂ» አሉ፤ ጥያቄዬን የሰሙም አይመስሉ። ኮሌታውን በእጃቸው አስተካከሉልኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

ታክሲ ቀያይሬ ሳንሱሲ ደረስኩ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ በሩ ላይ የተሰቀሉ ልብሶች በነፋስ ይወዛወዛሉ። ውስጥ አንዲት ጠይም፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሴት የስፌት መኪና እየረገጡ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩኝ እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ። መኪናው ጥቂት በራሱ ሄዶ ዝም አለ።

«ምን ነበር የኔ ልጅ?»

«ዚፕ ለማስቀየር ነው። የለበስኩት ነው።»

ተነሥተው በዙሪያዬ ተራመዱ። ጣታቸው ኮሌታዬን ነካ፣ የጎኑን ስፌት ተከትሎ ወረደ። ከጀርባዬ ዚፑን ጥቂት አወረዱት፤ መልሰው ዘጉት።

«ይሄ ምን ሆነ? ደህና ነው።»

«እኔም ብዬ ነበር። አከራዬ ናቸው ተበላሽቷል ያሉኝ። ኮልፌ፣ አጣና ተራ ጋ…»

ከጀርባዬ ትንፋሻቸው ሲቆም ተሰማኝ።

«ሴትየዋ አለች?»

«አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው።»

«ምን ብላ ላከችሽ?»

«ምንም። ዚፑን ብቻ።»

ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። «እንደ ድሮዋ ናት። ሞታም ይቅርታ አይወጣትም» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔን በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። የአከራዬ እህት ናቸው፤ ታናሽ እህታቸው። እናታቸው በልጅነት ስለሞተችባቸው ያሳደጓቸው አከራዬ ናቸው። ባልየው ከመርካቶ ጨርቅ ያመጣሉ፣ ታናሽየዋ ይሰፋሉ፣ ታላቅየዋ ይለብሳሉ። እኔ ከተማውን የዞርኩባቸው ቀሚሶች ሁሉ የእሳቸው እጅ ሥራዎች ነበሩ።

«ይሄን ሰማያዊውን የሰፋሁላት ሽማግሌ ሊላክብኝ ነው ተብሎ ነው። በዚያ ቀን ለብሳው እንድትቀበልልኝ። የሸማኔ ልጅ ነው ብላ ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሰቻቸው። ቀሚሱ አልተለበሰም። እኔም ያን ዕለት ይህን ደጃፍ ዳግመኛ ብረግጥ ብዬ ምዬ ወጣሁ።» ሰውየው በኋላ ሌላ አገባ። እሳቸው ግን አላገቡም። ከኮልፌ ሳንሱሲ እኮ ቅርብ ነው፤ ሁለቱ እህትማማቾች በዚያች መንገድ ርቀት ተለያይተው አርጅተዋል።

ልሄድ ስነሣ፣ «ዚፑ ደህና ነው በያት» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ወደ ግቢው ስገባ አከራዬ የክት ነጠላቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ከኋላዬ ፈለገ። በሩ ባዶ ነበር።

«ምን አለች?»

«ዚፑ ደህና ነው አሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«እ» አሉ። ጀምበሯ እስክትጠልቅ ከዚያ አልተነሡም። ከዚያ ቀን በኋላ ቀሚሶቹ የት እንደዋሉ አልጠየቁኝም። እነግራቸዋለሁ፤ «ደግ» ይላሉ። ምግብም ቀነሱ። ሌላ ነገር ማድረግ ስላልቻልኩ በየቀኑ በጣም ደማቁን እየመረጥኩ ለብሼ በፊታቸው አልፍ ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰው በሚመለስበት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ልብስ ሰፊዋ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ይግቡ!» አልኩ በደስታ።

«አልገባም። ምያለሁ።»

ዞር ብዬ ወደ በረንዳው አየሁ። አከራዬ ሰምተዋል። የወንበሩን ክንድ ይዘው ተነሡ። ልደግፋቸው ስሮጥ በእጃቸው ከለከሉኝ። ከበረንዳው ወረዱ፤ በእኔ ክፍል ጥግ፣ በልብስ ማስጫው ሥር፣ በዚያ እንደ ማር በፈሰሰ የረፋድ ፀሐይ ውስጥ ቀስ እያሉ ግቢውን አቋረጡ። እስከ በሩ ሲሄዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«አንቺ ካልገባሽ እኔ እወጣለሁ» አሉ። አንድ እግራቸውን ከመድረኩ ማዶ ሲያሳርፉ ተንገዳገዱ።

«እቴቴ፣ ቀስ!» እህታቸው ክንዳቸውን ያዙ። «እቴቴ» ስትል ሰውነቷ ሁሉ ልጅ የምትሆን ሴት ያየሁት ያኔ ነው።

ከአጥሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውኃ ይዤ ስወጣ እህታቸው፣ «አጥፈሽ ነው ያስቀመጥሽው፤ ጨርቁን መስመር አወጣሽበት። ሰቅለሽ ነበር ማስቀመጥ» ይሏቸዋል። አከራዬ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው አሻሹ። ቆይተው፣ «አሁን ቢመጡ ለብሼው እቀበላቸው ነበር» አሉ።

«አሁንማ አይበቃሽም። ወፍረሻል።»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሳቁ፤ ሳቁ ሌላ ነገር ሆኖ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ ያያቸዋል። ከሰዓት በኋላ ያልተጠበቀ ካፊያ ጣለ። አንድ ነጠላ ለሁለት ተከናንበው፣ ተያይዘው ቸኮል ቸኮል እያሉ በረንዳው ላይ ወጡ። መሐላውን ያስረሳው ዝናቡ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። እህታቸው በየሳምንቱ ይመጣሉ። ቀሚሶቹን እኔ ላይ እያዩ ይከራከራሉ፤ ይሄ የማን ሠርግ ላይ ነበር፣ ይሄ ለፋሲካ ነው፣ ኧረ ለጥምቀት ነው። እኔ መሐላቸው ቆሜ የእነሱ ወጣትነት በእኔ ላይ ሲያወራ እሰማለሁ። ብዙ አልቆየም። የሚቀጥለው ክረምት ሳይወጣ አከራዬ በእህታቸው ክንድ ላይ አረፉ። አሁን ግቢው የለም፤ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር በረንዳው የት ጋ እንደነበር እፈልጋለሁ፤ አይመጣልኝም።

ለቅሶው አልፎ ሰው ሲበተን እህታቸው ሳጥኑን ወደ እኔ ክፍል አስገፉት። ይህ ልብስ ለእርስዎ ነው የሚገባው ብዬ ብዙ ተሟገትኳቸው፤ አልሰሙኝም። ከወራት በኋላ ደግሞ ሳንሱሲ አስጠሩኝ። «የሰው ስትለብሺ ኖርሽ። አንድ የራስሽ ይኑርሽ» አሉኝ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጨርቅ መርጠው ቆርጠው፣ ለጊዜው በነጭ ክር አያይዘው ነበር የጠበቁኝ። በርጩማ ላይ አቆሙኝ። ከውጭ ዝናብ ያባራበት ብርሃን ይገባል፤ ከጣሪያው ጠርዝ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። እግሬ ሥር ተንበርክከው፣ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ይዘው፣ የታችኛውን እጥፋት ያስተካክላሉ። ከላይ ሆኜ የማየው ገብስማ ፀጉራቸውንና የማይቸኩሉትን እጆቻቸውን ብቻ ነበር።

«እቴቴ፣ ዙሪ እስኪ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ምን እንዳሉ አልታወቃቸውም።

ዞርኩ።