ባለ ጥቁር ጋቢው

በጣሊያን ጊዜ የቡሬ ገበያ በዋለ ቁጥር አንዲት ባልቴት ይመጡ ነበር፤ ስማቸውን የጠየቀ የለም። አንድ ፊልም አንሺ ጣሊያን ፊልሙን አጥቦ ገና ሳይጨርሰው አርበኞች መኪናውን ማርከውበት፣ ያ ፊልም በየመንደሩ ተበትኗል። ሰዉ «የጣሊያን ጠፍር» እያለ ስልቻ ያስርበታል። ባልቴቷ ጠፍሩን ከየስልቻው አፍ እየፈቱ ወደ ፀሐይ ያነሱና ቁልጭ ቁልጭ ብለው አይተው ይመልሱታል።

«እትዬ፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?» አለቻቸው በርበሬ ነጋዴዋ ሳቢሃ።

«ልጄ። ሳይሞትብኝ በፊት እዚሁ ገበያ ጣሊያኑ በፊልም አንስቶታል። እኔው የፈተልሁለትን ነጭ ጋቢ ለብሶ ነበር። እዚህ ያለው ግን ሁሉም ፊቱ የነጣ፣ ጥቁር የለበሰ ፈረንጅ ነው።»

ሳቢሃ ሳቋ አመለጣት። «ወይ እትዬ! ፊልም እኮ ታጥቦ ገና ሥራው ሳያልቅ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አርጎ ነው የሚያሳይ። ወንድሜ ፎቶ ቤት ሲሠራ አይቶታል።»

ባልቴቷ የያዙት ጠፍር ከእጃቸው ወደቀ።

«ጅጋ ገበያ፣ አንዱ ጠፍር ላይ ባለ ጥቁር ጋቢ አይቸ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጥርሱ ጠቁሮ ይስቃል። ሐዘን ለብሶ እንዴት ይስቃል ብየ፣ ታዝቤው መለስሁት።»

ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሡ።

«እትዬ፣ የጅጋ ገበያ እኮ ዛሬ አይደለም!» ብላ ተጣራች ሳቢሃ። ዞር አላሉም።