በረዶውን የዘጋችው አላሲ

አላሲን የባሕሩ በረዶ ፍርሃት የያዛት በዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ቁማቅ አንድ ጠዋት አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ሊያድን ወጥቶ ከነመንሸራተቻው ቀረ። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ አላሲ የረጋ ባሕር ላይ እግሯን አሳርፋ አታውቅም። እንደ እኛ ባለ፣ በምድር ሰሜናዊ ጫፍ በዓመት ስምንት ወር ባሕሩ በረዶ በሚሆንበት አገር ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኅቷ ወንድ ልጅ ስትወልድ ቁማቅ ተባለ። እኛ ዘንድ ስም ሲወረስ ዝምድናውም አብሮ ይወረሳል፤ ስለዚህ አላሲ የእኅቷን ልጅ «አባዬ» ትለዋለች፣ እሱም አፉን ከፈታ ጀምሮ «ልጄ» ይላታል። አሁን እሱ ሃያ አምስት ሞልቶታል፣ እሷ ስድሳን አልፋለች። መደብር ውስጥ «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ አኮረፍሽ?» ሲላት የሚገርመው ሰው የለም። እሷ ግን አባቷ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይቀርባት ስትሰጋ ነው የኖረችው።

ስጋቷ ሥራ የሆነላት ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። በረዶው ዘግይቶ መርጋት፣ ቀድሞ መክዳት ጀምሮ ነበር። አንዳንዱ ሰመጠ፣ ሌላው ፈርቶ ቤቱ ዋለ። የአደን ሥጋ ቀርቶ የመደብር የቆርቆሮ ምግብና ለስላሳ መጠጥ ሲተካው ስኳር በሽታው ባሰ፣ ወጣቱን ድባቴ ጣለው። የመንደሩ ምክር ቤት፣ መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ለአየር ንብረት ለውጥና ለጤና ብሎ ከመደበው ገንዘብ ጠይቆ አገኘ። በገንዘቡ ሦስት አዳኞች በየማለዳው በረዶውን በጦር እየወጉ ይፈትሻሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ ያሉትን ተቀብሎ በሬዲዮ ለመንደሩ ያሰማል። ለዚህኛው አላሲ ተመረጠች።

«ፈሪ ካስቀመጥን ማንም አይሰምጥብንም» አለ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ዩሲፒ።

ችግሩ፣ አዳኞቹ «ደህና ነው» ሲሏት የእሷ አፍ እምቢ ይላል። ቁማቅ ሲሰምጥ ይታያታል። የምሥራቁም መንገድ ዝግ ነው ትላለች፣ የምዕራቡም ዝግ። ሰው መጀመሪያ ሰማት፣ ቆይቶ ቀለደባት። «አላሲ የማቀዝቀዣዋንም በረዶ ዘጋችው አሉ» እየተባለ ተሣቀ። በመጨረሻ ሰው እሷን እየሰማ ሻዩን ጠጥቶ ወደ በረዶው ይወጣ ጀመር።

ዩሲፒ ጠራት። «አላሲ፣ ገንዘቡ የመጣው እኮ ሳንሰጋ እንድንወጣ ነው። በር ዘግተን ለመቀመጥማ ማን ይከፍለን ነበር?»

«ቢሰምጡስ?»

«ቤት ተቀምጠውስ እየሞቱ አይደለም?»

በማግስቱም «ዝግ ነው» አለች።

የጸደይ ሙቀት ሲጀማምር፣ ከአዳኞቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ታሙሲ፣ በማለዳ ጠራት። ድምፁ ተለውጧል። «አላሲ፣ ጠባቡ የባሕር መተላለፊያ ላይ ጦሬ በአንድ ምት አለፈ። በረዶውን ከሥር ውኃው በልቶታል። ማንም እንዳይመጣ።»

«መተላለፊያው ዝግ ነው» አለች ለመንደሩ። «የእውነት ዝግ ነው!» ይህን እያለች የቁማቅ በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ሲነሣ በመስኮቱ በኩል ሰማች።

«አባዬ ተመለስ! መተላለፊያው ሳስቷል!» አለችው በሬዲዮው።

«ትናንትም ሳስቷል ብለሽ ነበር፣ ልጄ። በዚያው አልፌ ያመጣሁትን ጉበት ማን በላው?»

«የዛሬው ሌላ ነው፣ በሞቴ!»

«በዚህ ሳምንት ስንቴ ልትሞቺ ነው?» ሣቀ። ሬዲዮው በሞተሩ ጩኸት ተሞላ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ታሙሲ «እየሄድኩለት ነው» ብሎ እሱም ዝም አለ። መሬት ላይ ተቀምጣ ሬዲዮውን ደረቷ ላይ ያዘችው። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ በር በሩን እያየች የዋለችው ውሎ ያው ራሱ ነበር፤ አሁን ግን ምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

ቀትር ላይ ታሙሲ ቁማቅን ከኋላው አፈናጥጦ መጣ። እስከ ደረቱ ርሷል፣ ልብሱ በላዩ ላይ በረዶ ሠርቷል፤ ሞተሩ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። አላሲ ልብሱን አውልቃ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፣ እጆቹን በብብቷ ውስጥ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች።

«አልነገርኩህም? አልነገርኩህም ወይ?»

«ነገርሽኝ» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «በየቀኑ ነገርሽኝ፣ ልጄ። የዛሬው እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?»

አላሲ ስለ እሱ ስትፈራ የዘጋችው መንገድ ሁሉ ዛሬ እሱን ወደ ውኃው እንደነዳው ገባት። ከዚያ በላይ ያስፈራት ነገር ኖሮ አያውቅም።

በሳምንቱ ታሙሲ ማልዶ ጠራት። «መተላለፊያው እንደተዘጋ ነው። ምሥራቁ ግን ጠንካራ ነው፣ ጦሩ አልበሳውም።» ቁማቅ በተዋሰው ሞተር ላይ ነዳጅ ሞልቶ ደጃፏ ላይ ቆሟል።

አላሲ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች። «መተላለፊያው ዝግ ነው። ምሥራቁ...» «ዝግ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰች፤ ዋጠቻት። «ምሥራቁ ክፍት ነው።»

ቁማቅ አንገቱን በበሩ አስገባ።

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ታሙሲ እርግጠኛ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እፈራለሁ። ሂድ።»

ሄደ። ከየቤቱ ሌሎች ሞተሮችም ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ተከተሉት። አላሲ ሬዲዮውን አንሥታ እንዳትጠራው ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከትታ ተቀመጠችባቸው።