የበር ላይ ሳል

«ያልሳለ አልሮጠም!» ይለን ነበር ኮቻችን። ወደ ላንቴ በሚወስደው መንገድ ፍጥነት ሠርተን ስንጨርስ ሁላችንም ጉልበታችንን ይዘን እናጎነብሳለን፤ ከዚያ ኡሁ ኡሁ ነው። ያላሳለው ሰው ካለ ኮች በጎሪጥ ያየዋል፤ ጉልበቱን ደብቋል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እስል ነበር። መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ፣ በሳሌ እኮራ ነበር።

ችግሩ፣ የሌሎቹ ሳል ላባቸው ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል፤ የእኔ ግን ቤት ድረስ ይከተለኛል። ጋደም ስል ደረቴ ውስጥ ሲር ሲር ይላል፣ ድመት ውጬ የተኛሁ ይመስል። ጠዋት ስነሳ ትንፋሼ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም የለም! ምንም እንዳልነበረ ሆኜ እነሳና አቀበቱን እበላዋለሁ። በሽታ ከሆነ ለምን ይሄዳል? ጤና ከሆነስ ለምን ይመጣል? ነገሩ ግራ አጋባኝ።

አርባ ምንጭ ውስጥ ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። እናቴ «ላብሽ ሳይደርቅ የቀዘቀዘ አቮካዶ ጁስ ትገለብጫለሽ፣ ታዲያ ምን ትሆኚ?» ትላለች። አብራኝ የምትሮጠው ጓደኛዬ የማንጎ አበባ ነው ባይ ናት፤ እሷንም ያስነጥሳታል። የቸርች እህቶች ጸለዩልኝና እውነትም ተሻለኝ፤ እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ «ጌታ ፈወሰኝ» እያልኩ ሳለሁ ሳሌ ተነሳ። ጉባኤው ግን አሜን አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

አባቴ ብቻ አልተጠራጠረም። «ብርድ ነው» አለ፣ አለቀ። አባቴ ከዶርዜ የወረደ ሸማኔ ነው፤ የሽመና ዕቃው የሳሎናችንን ግማሽ ይዞታል። ከቤት ወጣ ብሎ ሲመለስ እንደ ማንኛውም አባወራ በር አያንኳኳም፤ ከአጥሩ ጀምሮ «እህ! እህ!» ብሎ ነው የሚገባው። እናቴ ይህን ስትሰማ ምግቡን ታቀርባለች። እኔ ከልምምድ ስገባ ደግሞ ድሩን ትቶ ይነሳና ገና ከእጁ የወረደ ጋቢ ራሴ ላይ ይጥልልኛል፤ አፍና አፍንጫዬን ሳይቀር ይጠቀልለኛል። ቤት ውስጥ የምናወራው በቋንቋችን ነው፤ ሲቆጣኝ ግን አማርኛ ያመጣል፣ አማርኛው ላይ ደግሞ ሴትና ወንድ አይለይም። «ተሸፈን! ብርድ ይመታሃል!» ይለኛል። በዚህ ሙቀት! አርባ ምንጭ ላይ ብርድ ከየት መጥቶ? ግን እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ። ጋቢው ውስጥ ሆኜ እያላበኝ እስላለሁ።

አንድ ክለብ ሯጮች ሊመርጥ ነው የተባለ ጊዜ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ከመምረጫው በፊት ኮች ሲሞክረን ከኩልፎ ድልድይ እንኳ ሳልርቅ ትንፋሼ ከዳኝ። እቀድማቸው የነበሩት ሁሉ አለፉኝ። እኔ እንደሆነ የኮሌጅ ትምህርቴን ለሩጫ ብዬ ትቻለሁ፤ መመለሻ የለኝም።

«ትንፋሽሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ስምሽን አላስገባም» አለኝ ኮች። ሲቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ይሄን ያለኝ ግን በለሆሳስ ነው።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትቸኩላለች ግን ደግ ናት። ጀርባዬን አዳመጠች፣ ትንሽ ቧንቧ ነገር ሰጥታ ባለ በሌለ ኃይሌ አስነፋችኝ፣ ከዚያ ጥያቄውን አወረደችው።

«ማገዶ ታነዳላችሁ?»

«ከሰል ነው። እሱም ውጭ።»

«ድመት አለ?»

«የለንም።»

«ቤት ውስጥ የሚያስለው ሰውስ?»

«የለም» አልኩ። ቲቢ ጠርጥራ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

«ሸማኔ ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የአስም ምልክት አለብሽ። የሚቀሰቅስብሽ የጥጡ ብናኝ ሊሆን ይችላል። አበባውም ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ሩጫ ራሱም እንዲህ ያደርጋል። ቀስ እያልን ነው የምናውቀው» አለችኝ።

እንዴ! ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ «ሊሆን ይችላል»? ልላት ነበር፤ ዋጥኩት። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ለሯጭ የተከለከለ ነው፣ ያስቀጣኛል ብዬ ስደነግጥ፣ «ከታዘዘልሽ አትለፊ፣ ለአሰልጣኝሽም ንገሪ፤ ችግር የለውም» አለች። ለጊዜው ደግሞ ጥጥ የሌለበት ቤት ተኚ አለችኝ።

ይሄኛው ነው የከበደኝ። ያሳደገኝ ጥጥ ነው። አባቴን ምን ልበለው? እጅህ አሳመመኝ ልበለው? ላንቴ፣ ሙዝ መሃል ያለች አክስቴ ጋ ልሄድ ወሰንኩና «ለልምምድ ይቀርበኛል» አልኩት።

«ቤቴ ምን ሆነ?» አለ።

«ምንም አልሆነ፣ አባዬ። ለልምምድ ነው።»

የሽመና መወርወሪያውን አነሳ፤ ዳግመኛም አላየኝም። ልቤ እርር አለ።

ብዙም ሳይቆይ በባጃጅ ዕቃ ላከልኝ። ፈታሁት፤ ጋቢ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ናፍቆቴን ልወጣ ለብሼው ተኛሁ፤ ሲነጋ ድመቷ ደረቴ ውስጥ ነበረች። በቃ አገኘሁት ብዬ ለአክስቴ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! ምን አፍሽን ያዘሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ አሰብ አደረገችና፣ «ግን እኮ ትናንት ለትንኝ ብዬ ቤቱን አጭሼዋለሁ» አለች።

ወይ ጉድ! እንግዲህ ጋቢው ነው ጭሱ? ጋቢውን በፌስታል ቋጠርኩ፣ እሷም ጭሱን ተወች፣ እኔም መድኃኒቴን እየሳብኩ ሰነበትኩ፤ ትንፋሼ ቀስ በቀስ እስከ ታች መውረድ ጀመረ። ጋቢው ስለራቀ ነው? ጭሱ ስለቆመ ነው? መድኃኒቱ ነው? ወይስ የእህቶች ጸሎት ዘግይቶ ደርሶ ነው? እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልነግራችሁም።

መድኃኒቱን ለኮች ሳሳየው እባብ ያየ ያህል ወደ ኋላ አለ።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያልሳለ አልሮጠም ብለህ የለ እንዴ!»

ወዲያው ስሜን አስገባ።

የመምረጫው ቀን ሮጥኩ። አቀበቱ ላይ ትንፋሼ መጥቶ መጥቶ ይቆማል ብዬ ስጠብቅ አልቆመም፤ ፍርሃቱ ራሱ ሊጥለኝ ነበር። ጨርሼ እንደ ሰው ሁሉ አጎነበስኩና ሳልኩ፤ ሳሌ ከላቤ ጋር ደረቀ። ከተመረጡት አንዷ እኔ ነበርኩ።

በቀጥታ ወደ ቤት በረርኩ። አባቴ ድርና ማግ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፣ አቅፋ ሳመችኝ፣ ከዚያ ስለ ክለቡ ስትጠይቀኝ ከአጥሩ ውጭ «እህ! እህ!» ተባለ። ምግቡን ልታቀርብ ብድግ አለች። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

እኔ ግን ከዚህ ድምፅ ርቄ ከርሜ ስለነበር ጆሮዬ ቆመ። ሳሉ በሩ ላይ አላበቃም። አባቴ ገባ፣ ቆመ፣ የሽመናውን እንጨት ተደገፈ፣ አሁንም ሳለ። መጨረሻው ላይ ሲር የሚል ነገር ነበረው። ያቺን ድመት አውቃታለሁ።

ሐኪሟን «የለም» ብያት ነበር። ዋሽቼ አይደለም። እኛ ቤት ይሄ ሳል ተብሎ አያውቅም፤ «አባዬ መጣ» ነው የሚባለው። ተወልጄ ያደግኩት ይህን እየሰማሁ ነው፤ ጨዋነቱ መስሎን በኖርንበት ጊዜ ሁሉ ሰውየው ትንፋሽ እያጠረው ነበር ማለት ነው? ወይስ አሁን እኔው ፈርቼ ነው እንዲህ የሰማሁት? እናቴን አየኋት፤ ሳህን ታስተካክላለች።

«አባዬ፣ ተመረጥኩ» አልኩት።

ፊቱ በራ። የታጠፈ አዲስ ጋቢ አነሳና አራገፈው፤ ብናኙ በመስኮቱ ፀሐይ ላይ ሲነሳ አየሁት፣ በሁለታችንም ላይ ሲወርድ።

«ላብህ አልደረቀም፤ ተሸፈን!»

አልሸሸሁም። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ተሸፈንኩለት።

«አባዬ፣ ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ደነገጠ። ዞሮ እናቴን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ።

«ማን ታመመ?» አለኝ።