የዘሐራ ኮምፒውተርና የአያቴ በር

ጭድ የገባበት እርጥብ ምርጊት ሲሸተኝ እጄ ሥራውን ያቆማል። ባለፈው ግንቦት ሐይቅ ከተማ፣ የእህቴ የዘሐራ የማመልከቻ መጻፊያ ቤት ግድግዳው እንደገና ሲመረግ፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ኮምፒውተሯን እየመረመርኩ ሳለ ያ ሽታ መጣና ከስልሳ ዓመት በፊት ወደነበርኩበት፣ ወደ አምባሰል ዳገት መለሰኝ።

ስለ ኮምፒውተሩ አስቀድሜ ልናገር፤ ያለዚያ የልጅነቴ ነገር አይገባችሁም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሬዲዮ ፈትቶ በመግጠም ጀምሬ፣ ኮምፒውተርን ማንም ሳያሳየኝ ብቻዬን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ዲግሪ የያዙ ልጆች ያቃታቸውን ተሸክመው የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ከዚያ ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ የዘሐራን ማሽን ቫይረስ ጨርሶት ነበር፤ አሮጌ በመሆኑም አዲሱን ዊንዶውስ የሚሸከም አቅም ስላልነበረው፣ ቀለል ያለውንና በነጻ የሚገኘውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ሊኑክስን፣ ጫንኩበት። ችግሩ ዘሐራ ነበረች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ የምትሠራው አይታ ሳይሆን ሁሉም ነገር የት እንዳለ እጇ ስለሚያውቅ ነው። ልጇ ራህማ ወደ ጎን ስባኝ «አጎቴ፣ ሌላ ነገር መሆኑን ካወቀች አትነካውም። ሥራውን ከተወች ደግሞ ቤት ተቀምጣ ታልቃለች» አለችኝ።

ስለዚህ ሊኑክሱን ዊንዶውስ አስመሰልኩት። የማስጀመሪያውን ቁልፍ ከታች በግራ ጥግ አደረግሁ፤ የደብዳቤ መጻፊያውን፣ የፎልደሩንና የማተሚያውን ምልክት በለመደችው ቅደም ተከተል ደረደርኩ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ድሮ በስልኬ ካነሳሁት የስክሪኗ ፎቶ ላይ በማስመሪያ ለክቼ አስተካከልኩ፤ ከጀርባው የድሮውን የአረንጓዴ ኮረብታ ሥዕል ለጠፍኩ፤ ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ እንኳ ፈልጌ አመጣሁለት፤ የአማርኛው ፊደልም ጣቷ በለመደው ቁልፍ እንዲመታ አደረግሁ። ዘሐራ ማውሱን ይዛ ወዲያ ወዲህ አለችና «አጸዳህልኝ?» አለች። «አጸዳሁት» አልኳት። «እጅህ ይባረክ፤ እንዲያውም ፈጥኗል» አለችኝ። ራህማ ከበስተጀርባዋ ጠቀሰችኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

እንዲህ ያለ ሥራ ስሠራ ግን የመጀመሪያዬ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ዘሐራ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ሳለች፣ የሐምሌ ዝናብ ሳያቋርጥ ሲጥል ሰንብቶ ዳገቱ ተናደና ቤታችንን ይዞት ወረደ። እኛ ጎረቤት ሄደን ስለነበር ተረፍን። አያቴ ደግሞ ታመው ከሸንተረሩ ማዶ አክስቴ ቤት ተኝተው ነበር። ያን ቤት በጉልምስናቸው፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ፣ ድንጋይ በድንጋይ የሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ከታወሩ ወዲህም ማንንም ሳይጠሩ ከመደቡ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ በሩ እየዳሰሱ ይመላለሱበት ነበር። አባቴ ፍርስራሹን አይቶ ሲመለስ «ይሄን ከሰሙ አይተርፉም» አለ።

እዚያው መንደር ወረድ ብሎ ዘመድ ባዶ ቤት ለቀቀልን፤ ስፋቱም ከድሮው ጋር ይቀራረብ ነበር። የድሮውን ቤት አስመስለን ልናሰናዳው ተስማማን፤ ሥራውን የመራሁት እኔ ነኝ። አያቴ ሲመላለሱ እርምጃቸውን እየቆጠርኩ ስላደግሁ፣ ገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠርኩ፣ አባቴ መደቡን የት እንደሚሠራ፣ ምሰሶውን የት እንደሚያቆም፣ እናቴም እንስራውን የት እንደምታኖር አሳየኋቸው። በሳምንት አለቀ። ጎረቤቱ እየመጣ ያይ ነበር፤ «ይህ ልጅ መሐንዲስ ነው» ያሉት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

አያቴ በነሐሴ ጉም ውስጥ በበቅሎ መጡ። ምርጊቱ ገና አልደረቀም ነበርና ሸተታቸው። «አስመረጋችሁት?» አሉ። «ክረምቱ ቢበላው አደስነው» አለ አባቴ። ገቡ፤ እጃቸው ምሰሶውን አገኘ፣ መደቡን አገኘ፣ እንስራውን አገኘ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ገባሁ» ብለው አረፍ አሉ።

ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ሲነሱ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆሙ። የድሮው ቤት በሩ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐይቁ ያይ ነበር፤ መካ ደግሞ ከእኛ በሰሜን ስለሆነች፣ ጀርባውን ለበሩ የሰጠ ሰው ፊቱ ወደ ቂብላ ይሆን ነበር። የአዲሱ ቤት በር ግን የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነበር። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አያቴም ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አድርገው «አላሁ አክበር» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና አባቴ ጓዳ እየገቡ ወደ ሰሜን ይሰግዱ ነበር፤ እኔም አይቼ ዝም እል ነበር።

በክረምቱ ጭቃ አያቴ ከቤት አይወጡም ነበር፤ ጉሙም ፀሐይዋን ስለሸፈናት ነገሩ ተሸፍኖ ቆየ። በመስከረም አንድ ጠዋት ግን ሰማዩ ጠራና ወጥተው ደፉ ላይ ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ሰይድ።»

«አቤት አባባ።»

«በሩ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ሐይቁ ነው።»

«ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ግራ ጉንጬን ነበር የምታሞቀው። ዛሬ ግንባሬ ላይ ናት።»

ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየኋት። «ከመጣሁ ስንት ጁምዓ ሆነ?» አሉኝ። «ስድስት» አልኳቸው። «አባትህን ጥራልኝ» አሉኝ።

አባቴ እያለቀሰ ሁሉንም ነገራቸው፤ ከዚያም የመንደራችንን ሼህ አመጣና «ሳያውቁ የሰገዱት ነውና አላህ ይቀበለዋል» አሰኘ። አያቴ ግን «እኔስ አላወቅሁም፤ ያወቁት ጓዳ ገብተው ሲሰግዱ እኔን ምን አድርገው ቆጠሩኝ?» አሉና፣ የስድስቱን ሳምንት ሶላት አንድ በአንድ ደግመው ይሰግዱ ጀመር። በጥቅምት ውርጭ ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ ተደግፈው እየተነሱ ይሰግዱ ነበር። የእኛን ቃል ማመን ተዉ። «አባባ፣ ነግቷል» ስላቸው ደጅ ወጥተው መዳፋቸውን ለፀሐይ ይዘረጉ ነበር፤ ውሃ ሳቀርብላቸውም አስቀድመው ጣታቸውን ይነክሩ ነበር። በኅዳር፣ ማሽላው ሲቆረጥ፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሞቱ። የለካሁት አንድ ስንዝር እንኳ ስሕተት አልነበረበትም፤ ይህን ዛሬም እምላለሁ።

ባለፈው ግንቦት ያ ሽታ ሲመጣብኝ በኮምፒውተሯ ላይ የምመረምረው አንድ ዓሣ አስጋሪ ይዞት የተመለሰውን ማመልከቻ ነበር። ሰውዬው ዘሐራ የጻፈችለትን በፍላሽ ወስዶ ሌላ ቤት ሲያሳትመው፣ መስመሩ ሁሉ ተዛንፎ የፊርማው ቦታ ለብቻው ሁለተኛ ገጽ ላይ ወድቆበት ነበር። «እት ዘሐራ፣ ፊርማዬን ከማመልከቻው አባረርሽው እኮ» ብሎ ሳቀ። ዘሐራ ግን አልሳቀችም። በዚያ ወር እንዲህ ተበላሽቶ ሲመለስባት ሦስተኛው ነበር።

«ዓይኔ ነው» አለች። «አልቆልኛል። ከእንግዲህ የሰው ጉዳይ ባላበላሽ ይሻላል።»

እኔ ምክንያቱን ወዲያው አውቄው ነበር፤ በሊኑክሱ መጻፊያ የተጻፈው ሌላ ቤት በሌላ መጻፊያ ሲከፈት መስመሩ ይዛነፋል። ራህማ በዓይኗ ዝም በል አለችኝ። መራጊው ጭቃውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ሽታው አፍንጫዬን ሞልቶታል።

«ዘሐራ፣ ዓይንሽ አይደለም» አልኳት። «ይሄ የድሮው አይደለም። ሌላ ነው፤ እኔ ነኝ የድሮውን ያስመሰልኩት።»

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «ራህማስ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«እና ወር ሙሉ ዓይኔን ስረግም ቁጭ ብላችሁ ታዩኝ ነበር?»

ኮምፒውተሩን አጥፍታ ጨርቅ አለበሰችው፤ ቤቱንም ቆልፋ ሄደች። ደንበኞቿ መጥተው ይመለሱ ጀመር። በስምንተኛው ቀን ደውላ «ና፤ የት የት እንደሚለይ ብቻ አሳየኝ፤ የሚመሳሰለውን ተወው» አለችኝ።

ድሮ የአያቴን ቤት ለማመሳሰል አንድ ሳምንት በቅቶኝ ነበር፤ የዘሐራን ስክሪን ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። የሚለየውን ማሳየት ከጀመርኩ ግን ይኸው ሁለተኛ ወር ይዣለሁ፤ አልጨረስንም። የተጻፈው ሌላ ቤት እንዳይዛነፍ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየኋት፤ ተማረች፤ ደንበኞቿም ከፊሎቹ ተመልሰዋል። ከእኔ ጋር ግን ከሥራው ሌላ አታወራም። አንድ ነገር በነገርኳት ቁጥር ጎረቤት ሱቅ ያለውን ልጅ ጠርታ «እውነቱን ነው?» ትለዋለች፤ ከእኔ የተማረ ልጅ ነው፤ እስኪመልስላት እጠብቃለሁ። አያቴ ግን ያኔ ሌላ የሚጠይቁት ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበራቸውም።